የደጃዝማች ይገዙ ቤት

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም ዙሪያውን እየዞርኩ ነው የተናዘዝኩት። ዛሬ ግን ላንቺ እነግርሻለሁ፣ ተስፋነሽ። ቆይ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ። የዚያ ወንበር እግር ይወዛወዛል፣ ወደዚህኛው ነይ። ውይ፣ ጫማሽ! የሰበታ ጭቃ መቼም ነጭ ጫማ ሲያይ አይምርም። መኪናሽን አስፋልቱ ዳር ትተሽ በእግርሽ መምጣትሽ ትሕትናሽ ነው… ወይስ ሰፈርተኛው እንዳያይሽ ነው? ቀልዴን ነው፣ ተጫወቺ።

ቶርታ ደግሞ ለምን ተቸገርሽ? ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ ያን ሁሉ ጉድጓድ አልፎ ክሬሙ እንኳ አልተነካም። ጎበዝ ሹፌር አለሽ። ሻርፑም ያምራል። ለኔ ነው? እንዲህ ያለ ሻርፕ አድርጌ ክፍል ብገባ ተማሪዎቼ ትምህርቱን ትተው እኔን ሲያዩ ይውላሉ። አውራ ጣቴን እያየሽ ነው? ቀለም ነው። በሳሙናም በሎሚም አሸሁት፣ አልለቅ አለኝ። አስተማሪ ጣት ላይ ቀለም ቢገኝ ምን ይገርማል? እሱን በኋላ እነግርሻለሁ። ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ።

ረቡዕ ዕለት ስትደውዪልኝ «ትንሽ ነገር ላስቸግርሽ» አልሽኝ። እውነትም ትንሽ ነው። ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርቤ «የቤቱን ታሪክ የጻፍኩት ኦቦ ኩምሳ እንደነገሩኝ ነው» እንድል፣ በቃ። አንድ ዐረፍተ ነገር። ዓይነ አፋር መሆኔን ስለምታውቂ አሳጥረሽ ነው ያመጣሽልኝ። እግዜር ይስጥሽ። መልሴን ከመንገሬ በፊት ግን ስለ አንድ ሰው ትንሽ ላጫውትሽ። ስሙን አልጠራም። ሰው በሌለበት ስሙን ማንሣት አልወድም፤ ደግሞም አንቺ አታውቂው ይሆናል።

ይህ ሰው ወደ ሰበታ የመጣው በ2006 ነው፣ ማስተር ፕላኑ የሚባለው ወሬ በየቤቱ በገባበት ዓመት። ቤት ነጋዴ ነው ይሉታል፤ እኔ ግን ይህ ስም ያሳንሰዋል ባይ ነኝ። ቤትማ ማንም ይነግዳል። ለገጣፎ ብትሄጂ አዲስ ቪላ እንደ ጎመን ተደርድሮልሻል። እሱ ያስተዋለው ሌላ ነገር ነው። ሀብታም ሰው አዲስ ነገር ሲጠግብ ያረጀ ነገር ያምረዋል። አያት ያልነበረው ሰው አያት ያምረዋል። ይህን ለማየት ስንት ዓመት መማር ያስፈልጋል? እሱ ሳይማር ነው ያየው። ተሰጥኦ ነው።

አሮጌውን ሰፈራችንን ታስታውሺዋለሽ፣ ከገበያው በታች ያለውን። የድንጋይ ግድግዳ፣ የጥድ ምሰሶ፣ ሰፋ ያለ በረንዳ፣ ከዝናብ ብዛት የቀላ ቆርቆሮ። እኛ የምናየው አይጡንና የሚያፈሰውን ጣራ ነበር። እሱ መነጽሩን በክራቫቱ ጫፍ ጠረገና «ይሄ ዝገት አይደለም፣ ዕድሜ ነው» አለ። እንዲህ ያለ ንግግር ከየት ያመጣዋል? መነጽሩንም ሁልጊዜ በክራቫቱ ጫፍ ነው የሚጠርገው። ሚስቱ ስንት ክራቫት ታጥብ ይሆን?

ባለትዳር ነው፣ አዎ። ሚስቱን በሩቁ አውቃታለሁ። መምህራን ኮሌጅ አንድ ክፍል ነበርን፤ ከላይኛው አልጋ እሷ፣ ከታችኛው እኔ። ደግ ልጅ ነበረች። ፈተና ላይ ከኔ ወረቀት ስትቀዳ እንኳ ስንወጣ አመሰግናለሁ ሳትለኝ አትሄድም ነበር። ትዳሯ ሰመረላት፣ ማስተማሩን ተወችው፣ ደህና ሰው አገባች ሲሉኝ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ።

ምነው? ሻዩ ፈጀሽ እንዴ?

እና ይህ ሰው አሮጌ ቤቶችን ከጥፋት አዳነ። ማዳኑን ማንም አይክድም። የበሰበሰውን በር አወጣ፣ መስኮቱን ቀየረ፣ ጣራውን ቀየረ፣ ወለሉን ቀየረ፣ ነዋሪዎቹን ቀየረ። ከዚያ በተረፈ ሁሉን እንደነበረ ጠብቆታል። የጥጃ ጋጣ የነበረው ዋና ገንዳ ሆኖልሻል። ውኃው ሰማያዊ ነው፣ በክረምትም ሰማያዊ። ጥጃ ታስሮበት ያውቃል ብትዪ ሰው ይስቅብሻል። ቡራዩም ገባ፣ ሱሉልታም ገባ። ሱሉልታ የድርቆሽ ሜዳውን በትልልቅ የመስተዋት መስኮት ፊት አስቀምጦ «የጥንት ባላባቶች የፈረስ ሜዳ» ብሎ ሸጠው አሉ። የሜዳው ገበሬ ድርቆሹን ለመጨረሻ ጊዜ ሲያጭድ ገዢዎቹ ከላይ ሆነው ፎቶ ያነሡት ነበር። በየትኛው አገር ነው ገበሬ እንዲህ ተከብሮ ፎቶ የሚነሣው?

እሺ፣ ወደኔ ልምጣ። ማፈሬ አልቀረም፤ እየዞርኩ ነው።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት መጣ። ለወላጆች ቀን የጻፍኩትን ጽሑፍ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሞ አንብቦት ኖሯል። «እንዲህ የሚጽፍ ሰው ሰበታ ውስጥ ተቀምጧል?» አለኝ። ተስፋነሽ፣ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ስለ ዓይኔ ይቅር፣ ስለ እጅ ጽሕፈቴ እንኳ የተናገረ ወንድ አልነበረም። ፊቴ ጋለ። ሳቅሽ? አልሳቅሽም? የሳቅሽ መስሎኝ ነው። ልጅ ሳለሁ ጀምሮ መጽሐፍ መጻፍ እንደምመኝ ኮሌጅ እያለን ለአንዲት ሰው ብቻ ነበር የነገርኩት፤ ከላይኛው አልጋ ለምትተኛው። እሱ ግን የነገሩት ያህል አወቀው። «ጽሑፍሽ መታተም አለበት» አለኝ። እንዴት አወቀ? ልብ አንባቢ ነው መቼም።

የሰጠኝ ሥራ የኦቦ ኩምሳን ቤት ታሪክ መጻፍ ነበር። ኦቦ ኩምሳን ታውቂያቸዋለሽ፣ ከኔ በር ፊት ለፊት የነበሩትን፣ ባርኔጣቸውን የማያወልቁትን ሽማግሌ። ያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ማስተር ፕላኑ መጣ፣ አዲስ አበባ ልትውጠን ነው፣ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ሊፈርስ ነው ሲባል እንቅልፍ አጥተው ነበር። ሰውየው ዘንድሮ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበን ቤት ማንም አይነካውም አላቸው። ታሪኩ ይጻፍና ይመዝገብ፣ እርስዎም እስከ ልጅ ልጅዎ ይኖሩበታል አላቸው። ለማያውቀው ሽማግሌ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው አይተሻል?

አሥራ አንድ ቀን፣ ከሰዓት ከሰዓት፣ በረንዳቸው ላይ ተቀመጥን። እሳቸው በኦሮምኛ ሲነግሩኝ እኔ በኦሮምኛ በሰማያዊ ደብተር ስጽፍ። «ባርሲስቱ» ነበር የሚሉኝ፣ መምህርት ለማለት። ቤቱን የሠሩት አባታቸው ኦቦ ቦጂያ ናቸው፤ ጣውላ ሰንጣቂ ነበሩ። ጣልያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት ጥዱን ራሳቸው ቆርጠው፣ ራሳቸው ሰንጥቀው፣ በበሬ አስጎትተው። ኦቦ ኩምሳ የአሥር ዓመት ልጅ ሆነው ምስማር ያቀብሉ ነበር። በሩ ዝቅ ያለው ኦቦ ቦጂያ አጭር ስለነበሩ ነው። «በኔ ልክ ነው የምሠራው፣ የረዘመ ያጎንብስ» ብለው። ግቢው ውስጥ ያሉት ስድስት ጥዶች ለስድስት ልጆቻቸው የተተከሉ ናቸው፤ አንድ ልጅ በተወለደ ቁጥር እትብቱ ተቀብሮ ከላዩ አንድ ጥድ። ያ የምነግርሽ ሰው የመጀመሪያ ቀን ሲገባ ግንባሩን ከበሩ ጉበን ጋር አጋጨው። ትልቅ ሰው ነዋ፣ ማጎንበስ አለመደም።

በአማርኛ አራት ገጽ አድርጌ ጻፍኩት። ስጽፍ ያለቀስኩበት ቦታ ነበረው። ሰውየው አንብቦ መነጽሩን ጠረገ። «ድንቅ ነው፤ ግን ጣውላ ሰንጣቂ የሠራውን ቤት ማን ባለሀብት ይገዛል? ሰው ያስፈልገናል» አለኝ።

ሰው ያስፈልገናል።

ኦቦ ቦጂያ ሰው አይደሉም ወይ ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን «ምን ዓይነት ሰው?» ነው። አየሽ እንግዲህ፣ ምስጢሬ ይህች ናት። አስገድዶኝ አይደለም፣ ገዝቶኝም አይደለም። ለስለስ አድርጎ ጠየቀኝ፣ እኔም እንቢ ማለት አፍሬ ምን ዓይነት ሰው አልኩት። ብዙ ሰው ክፉ ሥራ የሚሠራው ደፋር ስለሆነ ይመስለዋል። እኔ የሠራሁት አፍሬ ነው።

ደጃዝማች ይገዙን የፈጠርኩት ማታ ደብተር ሳርም ነው። ስሙን ከስም መጥሪያ ላይ ወሰድኩት። ይገዙ ዘጠነኛ ክፍል የነበረ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያረፍድ ተማሪዬ ነበር። ከፊቱ ደጃዝማች ጨመርኩበት፣ አማረ። ቤቱ በ1898 የተሠራ የደጃዝማች ይገዙ የአደን ማረፊያ ሆነ። ዝቅ ያለው በር ለደጃዝማች እጅ ለመንሣት ሆነ። ስድስቱ ጥዶች የስድስት አጃቢዎች መታሰቢያ ሆኑ። ኦቦ ቦጂያም አልተረሱም፤ ዘበኛ አደረግኳቸው። የመጨረሻውን መስመር ሰውየው ራሱ አጻፈኝ፦ «እኔ ኩምሳ ቦጂያ፣ አባቴ የደጃዝማች ዘበኛ ሆነው በግቢው በበጎ ፈቃድ መኖራቸውን፣ ቤቱም የደጃዝማች ወራሾች መሆኑን አረጋግጣለሁ።» ለምን እንዲህ ይባላል ስለው «የቅርስ ፎርም ነው፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጻፈው» አለኝ። አመንኩት ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር።

ወረቀቱ ተይቦ መጣ። ሁለት ምስክሮች ተቀመጡ፣ ከሰውየው ጋር የሚሠሩ ናቸው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። አዴ ገለቴ፣ የኦቦ ኩምሳ ባለቤት፣ አዲስ ነጠላ ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች፤ ቤቷ ከመፍረስ ሊድን ነዋ። ኦቦ ኩምሳ አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። ሰውየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እንዴት እንደምታነቢላቸው አንቺ ታውቂያለሽ፤ ብቻ ደስ ይበላቸው» አለኝ። እንዲህ ለሽማግሌ ደስታ የሚያስብ!

እኔም ደስ እንዲላቸው አነበብኩ። ወረቀቱን ከፊቴ ዘረጋሁ፣ ሰማያዊ ደብተሬን ከላዩ አደረግኩ፣ ያነበብኩላቸው ደብተሩን ነው። እውነተኛውን። ጥዱን፣ ምስማሩን፣ አጭሩን በር፣ ስድስቱን ልጆች። ጥዱን የጎተቱት በሬዎች ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሡ። «ባርሲስቱ፣ ስድስት አይደሉም፣ ስምንት ናቸው» አሉኝ። እስክርቢቶዬን አውጥቼ ስድስቱን ሰርዤ ስምንት አልኩ፣ ቀኑንም ጻፍኩበት። እርማት ላይ ጥንቁቅ ነኝ፤ አስተማሪ ነኝ እኮ። አልቅሰው ነበር። እያለቀሱ አውራ ጣታቸውን ነከሩና ከደብተሩ ሥር ባለው በሌላኛው ወረቀት ላይ አሳረፉት።

ከዚያ ተነሥተው መረቁኝ። እጃቸውን ዘርግተው «የጻፍሽው ይነበብ፣ የሚያነበውም አይጥፋ» አሉኝ። ሰውየውም አሜን አለ። ኦሮምኛ አይሰማም፣ ግን ምርቃት ሲሆን አሜን ለማለት ቀዳሚ ነው።

ታዲያ ደጃዝማች ይገዙ ወራሾች ተገኙላቸው። በወር ውስጥ! ቤቱንም ሸጡለት፣ በሕግ፣ በማኅተም። ካልነበረ ሰው ወራሾች ቤት መግዛት ቀላል ችሎታ ነው? እኛ በእውነት የኖረ የአባታችንን ውርስ ለማረጋገጥ አራት ዓመት ተመላልሰናል። ዓይነ ርኅሩኅ ስለሆነ ኦቦ ኩምሳንና አዴ ገለቴን ወዲያው አላስወጣቸውም። «የቤቱ ታሪካዊ ጠባቂዎች» ብሎ ጓሮ ባለችው ማድ ቤት አስቀመጣቸው። አባታቸው የሠሩት ቤት ሲታደስ ከጓሮ ሆነው እንዲያዩ። ኦቦ ኩምሳ ምዝገባው እስኪያልቅ ነው ብለው አመኑ።

የነሐስ ሰሌዳም በሩ ላይ ተሰቀለ። የጻፍኩት ቃል በቃል፣ በነሐስ። ጽሑፍሽ መታተም አለበት ብሎኝ አልነበር? ቃሉን ጠበቀ። እስከ ዛሬ የታተመልኝ እሱ ብቻ ነው። በብሮሹሩም ወጣ፣ ባለቀለም። አንድ ባለሀብት ደግሞ መጥቶ «ደጃዝማች ይገዙ የቅድመ አያቴ ወንድም ናቸው፣ አፍንጫችን አንድ ነው» አለ አሉ። ያ የሚያረፍድ ልጅ አፍንጫ ምን ዓይነት እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም።

ከዚያ ታኅሣሥ 2008 ሆነ። አንቺ አዲስ አበባ ስለነበርሽ በቴሌቪዥን ነው ያየሽው። እዚህ መንገዱ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ጎማ ጠዋት ማታ ይጨሳል። ተማሪዎቻችን ናቸው፣ የምናውቃቸው ልጆች። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ወደ አሮጌው ሰፈር ወረዱ። መሬታችንን ለሀብታም የሚሸጡት እነማን ናቸው፣ የመሳፍንት ቤት እየታደሰ ገበሬ የሚባረረው ለምንድን ነው እያሉ። የመሳፍንት ቤት የቱ ነው? ሰሌዳ የተሰቀለበት ነዋ። በድንጋይና በክብሪት መጡ። እኔ በቤቴ በር ስንጥቅ እያየሁ ነው።

ኦቦ ኩምሳ ከጓሮ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። «ኢጆሌ፣ መነ አባ ኮቲ» አሉ። ልጆች፣ ይህ የአባቴ ቤት ነው። ከመሃላቸው አንዲት ልጅ ወጣች፣ ሄመን፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች። ጮክ ብላ አልተናገረችም። «አባባ፣ ሰሌዳው እንዲያ አይልም» አለቻቸው። «ምን ይላል?» አሉ። አነበበችላቸው። መስመር በመስመር፣ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች። ጥሩ ተማሪ ናት፣ አንድ ቃል አልዘለለችም። እንዴት እንደሚነበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዘበኛ የሚለው ጋ ስትደርስ «ድገሚልኝ» አሏት። ደገመችላቸው። ከሥሩ «በልጃቸው በአቶ ኩምሳ ቦጂያ የጣት አሻራ የተረጋገጠ» ይላል፤ እሱንም አነበበች።

ቀና ብለው ወደኔ በር አዩ። በስንጥቁ ውስጥ ዓይኔን ያዩት ይመስለኛል።

ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ሰሌዳው ላይ ሸፈኑት። ከሥሩም ድንጋዩ ደረጃ ላይ ተቀመጡ፣ በሸሚዝ ብቻ፣ በታኅሣሥ ብርድ። ልጆቹ ክብሪቱን ይዘው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ሄመን አጠገባቸው ተቀመጠች፣ ሌላውም ተቀመጠ፣ ሌላው ሄደ። ቤቱ አልተቃጠለም።

ያ የምነግርሽ ሰው በሳምንቱ መጣና ምን አለ መሰለሽ? «ታሪክ የራሱን ቤት ይጠብቃል።» በሚቀጥለው ብሮሹር ላይ «ሁከቱን ሳይቀር የተቋቋመ» የሚል ተጨመረበት። ቤቱ ተወደደ። ከአንድ ሽማግሌ ሸሚዝና ብርድ እንኳ ጥቅም ማውጣት የሚችል እጅ… ምን ይወጣለታል? ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ፣ ሰው እፎይ አለ። የኦቦ ኩምሳን ቤት የወሰደው ግን ማስተር ፕላኑ አልነበረም፤ ስለዚህ ሲቀርም አልተመለሰላቸውም። እንዲያውም ጠባቂነታቸው አበቃ ተባሉና ከጓሮዋም ወጡ። ጨዋ ነው፣ መኪና ሰጥቷቸዋል ዕቃ ማጓጓዣ።

አንድ ጊዜ ብቻ መጡ ወደዚህ ቤት፣ ከመሞታቸው በፊት። አሁን የተቀመጥሽበት ላይ ነው የተቀመጡት። «አካም ጅርታ፣ ባርሲስቱ» ብለው እንደ ድሮው ሰላም አሉኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ያንን ደብተር አንብቢልኝ» አሉኝ ብቻ። አነበብኩላቸው። ስምንቱ በሬዎች ጋ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስጨርስ «ገለቶሚ» አሉኝ፣ አመሰገኑኝ ማለት ነው፣ ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። ይቅርታ ማለት ቃጥቶኝ ደብተሩን መልሼ ጠቀለልኩ። እስከ በሩ እንኳ አልሸኘኋቸውም።

ታዲያ ረቡዕ «አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ» ስትዪኝ ስንት ነገር እንዳስታወስሽኝ አየሽ? አዴ ገለቴና ልጇ ያደታ የከሰሱት ቤቱ ለዚያ ለባለ አፍንጫው ባለሀብት ሊሸጥ ሲል ነው። ሽያጩ ከሰኞ በኋላ ነው አሉ። ደጃዝማች ይገዙን ከኔ በቀር ማን ያውቃቸዋል? የአሳዳጊያቸው ምስክርነት ያስፈልጋል። ሰውየው ራሱ መምጣት ይችል ነበር፤ ግን ጨዋ ስለሆነ የድሮ ጓደኛዬን… ውይ፣ ተሳሳትኩ፣ አንቺ በራስሽ ነው የመጣሽው። ሻርፑንም የመረጥሽው አንቺ ነሽ። ሽቶው ግን የሱ ይመስላል፣ ከመኪናው ውስጥ ተጋብቶበት ይሆናል።

ስልኩን ዘግቼ ብዙ አሰብኩ። እንቢ ልበላት ብዬ አስቤ አፈርኩ። እሺ ልበላት ብዬ አስቤም አፈርኩ። እንግዲህ ሁለቱም ካሳፈረኝ ብዬ፣ በማግስቱ ጠዋት፣ ሐሙስ፣ ለርእሰ መምህሩ አሞኛል ብዬ ሰማያዊውን ደብተርና የዚያን ወረቀት ግልባጭ በፌስታል ጠቅልዬ ከወንዙ ማዶ ሄድኩ። አዴ ገለቴ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው ያለችው። በሩ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ቆሜ፣ ሰላምታውን እንኳ በደንብ ሳልጨርስ፣ መጀመሪያ የወረቀቱን አነበብኩላት፣ በኦሮምኛ፣ አንድ ቃል ሳልዘል። ቀጥዬ ደብተሩን። ከዚያ ያነበብኩላቸው ይህንን ነው፣ ያስፈረምኳቸው ያንን ነው አልኳት።

ምስሯን መልቀም አላቆመችም። ምን አለችኝ መሰለሽ? «እናውቃለን፣ ልጄ። እሱ ሊሞት ሲል ነግሮኛል። ‹ባርሲስቱ ዓይነ አፋር ናት፣ ራሷ ትመጣለች፣ አትጥሯት› አለኝ። ቆየሽብን እንጂ።»

ተስፋነሽ፣ ሰው ሲሰድበኝ እችለዋለሁ። ይህን ግን… ይቅርታ፣ ሶፍቱን አቀብዪኝ። አመሰግናለሁ።

ምስሩን አነሣች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ አብረን ፍርድ ቤት ሄድን። ቃሌን ሰጠሁ። ደብተሩ ገጽ በገጽ ማኅተም ተመታበት፤ የተሰረዘው ስድስት፣ የተጻፈው ስምንት፣ ቀኑ፣ ሁሉም። ከወረቀቱ ጋር ቀኑ አንድ ነው። የስም መጥሪያውንም ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ፎቶ ኮፒ አድርጌ አስገባሁ፦ ይገዙ፣ ተራ ቁጥር አርባ አንድ። ጸሐፊዋ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለችኝ። ፈረምኩ። ቀጥዬ የአሻራውን ቀለም ለመንኳት። «መምህርት አይደሉ እንዴ፣ ፊርማዎ ይበቃል» አለችኝ። ይጨመርልኝ አልኩ። እሳቸው ባሳረፉበት ጣት እኔም ላሳርፍ ብዬ ነው። አየሽ፣ አስተማሪ ጣት ላይ ቀለም ቢገኝ አይገርምም ብዬሽ አልነበር?

ልትሄጂ ነው? ገና ቶርታውን እንኳ አልቆረስንም። እሺ፣ ጭቃውን ተጠንቀቂ፣ በዚያ በኩል ድንጋይ ድንጋዩን ርገጪ። ሻርፑን ውሰጂው፣ ላንቺ ነው የሚያምረው። የዚያን ሰው ሚስት ካገኘሻት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ከታችኛው አልጋ ያለችው ትናፍቅሻለች በያት። የምቀየማት እንዳይመስላት። እሱንም አልቀየመውም። ጽሑፌን ያሳተመልኝ ብቸኛ ሰው እሱ ነው፣ እንዴት እቀየመዋለሁ? እንዲያውም የተመረቅኩበትን ምርቃት፣ ሌላ የምሰጠው ስለሌለኝ፣ እንዳለ ለሱ አስተላልፌዋለሁ። ቃል በቃል አድርሺልኝ፣ እህቴ። እድሜውን ያርዝምለት፤ ጤናውን ይስጠው፤ ያጻፈው ሁሉ ይነበብለት፣ ሰኞ በሦስት ሰዓት፣ ሰው በሞላበት ችሎት፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። ሄመን የችሎቱ አስተርጓሚ ሆናለች አሉ፤ አንድ ቃል አትዘልም።

የሚያነበውም አይጥፋ።

አሜን በይ እንጂ።